ብሉተንቡርግ ያለው የልጆች ላይብረሪ፣ ሙኒክ (ከ5 ኮከብ 5)

አስቀድሜ ልናገር፣ እኔ ሪቪው የምጽፈው ስበሳጭ ብቻ ነው። ባለፈው የጻፍኩት ለልጄ የአማርኛ ተረት መጽሐፍ ስለሸጠልኝ አንድ የኦንላይን ሱቅ ነበር፣ ስሙን አሁን ልተወው፣ ከነፖስታው 28 ዩሮ ከፍዬ ስድስት ሳምንት ጠብቄ ሲመጣ ከገጽ 9 እስከ 16 ተገልብጦ ተጠርዟል፣ ቀበሮዋ በጭንቅላቷ ቆማ፣ ዶሮዋ ሰማይ ላይ ተንጠልጥላ ምናምን። ደውዬ ስናገር «ገልብጠህ አንብበው» አሉኝ። እውነቴን ነው። ልጄ ግን ምንም አልመሰላትም፣ ቀበሮዋ ዮጋ እየሰራች ነው ብላ ስትስቅ ዋለች። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው፣ ቢረዝምባችሁ ቻሉኝ።

ነገሩ የመጣው ከልጄ ትምህርት ቤት ነው። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል። ክፍሉ በሙሉ ብሉተንቡርግ ሊሄድ ስለሆነ አብሮ የሚሄድ ወላጅ ይፈለጋል የሚል ወረቀት ይዛ መጣች፣ እኔ የማታ ፈረቃ ስለምሰራ ቀን ቀን እቤት ነኝ (ተኝቼ ማለቴ ነው) እና ባለቤቴ «አንተ ሂድ፣ እንቅልፍህን ባቡር ላይ ትተኛለህ» ብላ ፈረመችልኝ። ሙኒክ 11 ዓመት ስኖር እዛ ሰፈር ደርሼ አላውቅም። ቤተመንግስት ነው ሲባል ደግሞ ያው የወርቅ ወንበርና የንጉስ ስዕል እያየን ልንዞር ነው ብዬ ነበር የገመትኩት።

ልጆቹን ሁለት ሁለት እጅ ለእጅ አያይዘው ነው የሚያስኬዷቸው፣ ቁጥሩ ጎዶሎ ሲሆን የቀረው ልጅ የወላጅ እጅ ይይዛል። ለኔ የደረሰኝ ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ብትገምቱ! እዚህ ሙኒክ ያለን ሐበሾች መቼም ታውቁናላችሁ፣ በፖለቲካ ምክንያት ቡና የማንጠጣጣ አለን፣ ለቅሶ ላይ እንኳን ጥግና ጥግ የምንቀመጥ አለን። እኔም ከአንድ ሰውዬ ጋር ሰላምታ ካቆምን አራት ዓመት አለፈን፣ ማን ማንን ምን እንዳለው አልዘረዝርም፣ እሱ ያለው ግን አሁንም ያቃጥለኛል። እና ልጁ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ነው። ትንሽዬ ላብ ያላት እጁን ይዤ ከኦበርሜንዚንግ ጣቢያ እስከ ቤተመንግስቱ ስሄድ አንድም ነገር ሳይነግረኝ አልቀረም፣ የወለቀውን ጥርሱን፣ ድመታቸውን፣ አባቱ ሲያንኮራፋ እንዴት እንደሚያደርግ ሳይቀር።

ቤተመንግስቱስ ቤተመንግስት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የባቫሪያ መስፍኖች ለአደን ያሰሩት ነው፣ ነጭ ግድግዳ፣ ቀይ ጣራ፣ ጥግ ጥጉ ላይ ትንንሽ ማማ፣ አጠገቡ ውሃ፣ ውሃው ላይ ዳክዬ። ልጆቹ ዳክዬውን አይተው አበዱ፣ ሩብ ሰዓት እዛው ቀረን። ውስጡ ግን ወርቅ ምናምን ሳይሆን መጽሐፍ ነው፣ የልጆች መጽሐፍ ብቻ። ኢንተርናሽናል የወጣቶች ላይብረሪ ነው የሚባለው፣ ከ1983 ጀምሮ እዚህ ነው ያለው፣ ከ600 ሺ በላይ መጽሐፍ ከመቶ በላይ በሆኑ ቋንቋዎች አለው። አብዛኛው ደግሞ የተቀመጠው ከግቢው ስር፣ መሬት ውስጥ ነው። ልጆቹ አባሮሽ ሲጫወቱ የነበረው እሱ ሁሉ ተረት ላይ ቆመው ነው ማለት ነው፣ ይሄን ስሰማ እኔ ራሴ እግሬን አነሳሁ።

የልጆች ማዋሻው ክፍል ስንገባ መምህሯ «የፈለጋችሁትን አንሱ» አለቻቸው፣ በቃ። እኔ ደነገጥኩ። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት (ሀገር ቤት ነው፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር) ላይብረሪ የሚባለው መስታወት ያለው ቁም ሳጥን ነበር፣ መጽሐፎቹን በመስታወት እናያቸዋለን፣ ቁልፉ ሁሌ የሆነ ሰውዬ ኪስ ውስጥ ነው፣ ሰውየው ደግሞ ሁሌ ወይ ስብሰባ ነው ወይ ፈቃድ ላይ ነው። አንድ አረንጓዴ ጀርባ ያለው ወፍራም መጽሐፍ ነበር፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ጀርባውን ብቻ አይቼ ውስጡ ምን እንዳለ ሳላውቅ ጨረስኩ። ልጄ ግን ጫማዋን አውልቃ ምንጣፍ ላይ ተዘርፍጣ አምስት መጽሐፍ ዙሪያዋን በትናለች።

ከአምስቱ አንዱ ጽሑፍ የሌለው ነበር። ስዕል ብቻ፣ አንድም ፊደል የለውም። አንዲት አሮጊት አንዲት ዝይ በቅርጫት ይዛ ገበያ ትሄዳለች፣ እንግዲህ ታሪኩን ራስህ ነህ የምትናገረው። እቤት እኔ በአማርኛ ሳወራት ልጄ በጀርመንኛ ነው የምትመልስልኝ፣ የብዙዎቻችሁ ቤትም እንደዛ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ ግን መጽሐፉ ራሱ በምንም ቋንቋ ስላልተጻፈ «እስቲ ንገሪኝ» ስላት በአማርኛ ጀመረችዋ! «አሮጊቷ ጋንሷን ልትሸጥ ሄደች። ጋንሷ ግን አልተሸጠችም፣ ምክንያቱም ታለቅሳለች። አሮጊቷ እንደ እማማ ናት፣ ነጠላ ለብሳለች።» ነጠላ አይደለም፣ ሻርፕ ነው፣ ግን ዝም አልኩ። ጋንስ በአማርኛ ምንድነው ብላ ስትጠይቀኝ ደግሞ አፌ ላይ አልመጣ አለኝ። ዳክዬ ልላት ስል ያ የሰውዬው ልጅ ከጀርባዬ ብቅ ብሎ «ዝይ!» አለኝ። አባቱ ነው ያስተማረው። ከዛ ሁለቱ ተቀባብለው ታሪኩን ጨረሱት፣ ዝይዋ መጨረሻ ላይ አውቶብስ ነዳች፣ ስዕሉ ላይ አውቶብስ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ምክንያቱም ይሄን ላይብረሪ ማን እንደመሰረተው ያስጎበኘችን ሴትዮ ስትነግረን ነው እንቅልፌ ጥርግ ብሎ የጠፋው።

ጄላ ሌፕማን ትባላለች። በ1891 (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሽቱትጋርት የተወለደች ጀርመናዊት አይሁድ ናት። ገና በ17 ዓመቷ ከውጭ መጥተው ፋብሪካ ለሚሰሩ ሰዎች ልጆች የማንበቢያ ክፍል ያደራጀች ናት፣ ማለት በዛ ዘመን የኔ ልጅ አይነቷን አስባ ነበር። ባሏ በ1922 ሲሞት 31 ዓመቷ ነበር፣ ሁለት ልጅ ይዛ ቀረች፣ ጋዜጠኛ ሆና ነው ያሳደገቻቸው፣ በሰራችበት የሽቱትጋርት ጋዜጣ የመጀመሪያዋ ሴት ኤዲተር ነበረች። ናዚዎች ስልጣን ሲይዙ አይሁድ ስለሆነች ከስራዋ ተባረረች። በ1936 በጣልያን አድርጋ ልጆቿን ይዛ እንግሊዝ ተሰደደች። ተረትም ትጽፍ ነበር፣ ኋላም ለመኝታ ሰዓት የሚሆኑ ተረቶችን ሰብስባ አሳትማለች፣ ለንደን ላይ ግን እንደማንኛችንም የተገኘውን ነው የሰራችው፣ ቢቢሲ ሬድዮም ጭምር።

ጦርነቱ አለቀ። በ1945 አሜሪካኖች ጀርመን ውስጥ በያዙት ክልል የሴቶችና የወጣቶች ጉዳይ አማካሪ ትሆኚ ወይ አሏት። አስቡት፣ ዘመዶችሽንና ጓደኞችሽን የፈጀ፣ አንቺን ያባረረ ሀገር ተመልሰሽ የነሱን ልጆች እርጂ ነው የሚሏት። ወዲያው እሺ አላለችም። እኔ ብሆን በጭራሽ። እኔ እንኳን ከሷ ጋር ሲተያይ ምንም ያልሆነ ነገር ደርሶብኝ አራት ዓመት አንድ ሰው ሰላም አላልኩም። እሷ ግን የአሜሪካ ወታደር ዩኒፎርም ለብሳ መጣች፣ ያየችው ደግሞ የፈረሰ ከተማና ፍርስራሽ ውስጥ የሚሯሯጡ ልጆች ነው፣ እነዚህ ደግሞ ምንም ያላጠፉ ግን አስራ ሁለት ዓመት የሂትለር መጽሐፍ ብቻ ሲጋቱ የኖሩ ናቸው።

ዳቦም ድንጋይ ከሰልም በጠፋበት ሰዓት እሷ መጽሐፍ ነው የሚያስፈልጋቸው ብላ ተነሳች። አለቆቿ ምን አሏት መሰላችሁ፣ ሀሳቡን ያዙት፣ ገንዘብ ግን የለም። ስለዚህ ለ20 ሀገሮች ደብዳቤ ጻፈች፣ የልጆች መጽሐፍ በነጻ ላኩልን፣ በተለይ ስዕል ያለው፣ ስዕል ቋንቋ ባይገባም ይገባል ብላ። (ዝይዋን አስታወሳችሁ?) ደብዳቤው የሄደው ትናንት በጀርመን ቦምብ ለተደበደቡ ሀገሮች ነው እኮ! ግን ላኩ። ቤልጂየም ብቻ ጀርመኖች ሁለት ጊዜ ወረውናል፣ አንልክም አለች። እውነታቸውን ነው፣ እኔ ለቤልጂየም ነው የፈረድኩት። ሴትዮዋ ተቀይማ አልተወችውም፣ እንደገና ጻፈችላቸው፣ እነዚህ ልጆች ሌላ ነገር ካላዩ ለሶስተኛ ጊዜ የሚወሯችሁ እነሱ ይሆናሉ የሚል ይዘት ያለው ደብዳቤ። ቤልጂየምም ላከች። እኔ አንድ ጊዜ እምቢ ላለኝ አምት (የመንግስት ቢሮ ማለቴ ነው) ሁለተኛ ለመጻፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

የመጣውን መጽሐፍ በሐምሌ 1946 ሙኒክ ላይ ኤግዚቢሽን አደረገችው። የት? ሃውስ ዴር ኩንስት። ሙኒክ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ኢንግሊሽ ጋርተን ጫፍ ላይ ያለው ባለ ትልልቅ ዓምድ ህንጻ፣ ወንዝ ላይ ሰርፍ የሚያደርጉት ልጆች አጠገብ። ያንን ህንጻ ሂትለር ነው ያሰራው፣ በ1937 የተከፈተው የናዚን አርት ለማሳየት ነበር። እሷ እዛው ውስጥ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካ ተረት ደረደረችበት። እኔ በዛ በር 11 ዓመት ሙሉ በብስክሌት ሳልፍ አንድም ቀን ይሄን አላውቅም ነበር።

ከዛ ኤግዚቢሽኑ በርሊን ሄደ። የገና በዓል ሊደርስ ነው፣ ልጆቹ መጽሐፎቹን ማየት እንጂ ይዘው መሄድ አይችሉም፣ ያለው አንድ አንድ ኮፒ ነው። እሷ ምን አደረገች፣ ስለ አንድ መዋጋት የማይፈልግ፣ አበባ ሲያሸት መዋል የሚወድ ኮርማ የሚያወራ የአሜሪካ ተረት ነበር፣ እሱን ሌሊቱን ቁጭ ብላ ወደ ጀርመንኛ ተርጉማ በጋዜጣ ወረቀት 30 ሺ ኮፒ አሳትማ አደለች። እኔን ከሁሉም የያዘኝ ይሄ ነው። ጀርመንኛዋ እኮ የተባረረችበት ቋንቋ ነው። እኔ በአማርኛ የሆነ ነገር ስጽፍ ከስንት ዓመት በኋላም የሆነ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል፣ እሷ በአንድ ሌሊት።

ላይብረሪውን በመስከረም 1949 ከፈተችው፣ ያኔ እዚህ ቤተመንግስት ሳይሆን ሽቫቢንግ ካውልባህ ሽትራሰ አንድ ቪላ ውስጥ ነበር፣ ከሮክፌለር ፋውንዴሽን ብር አግኝታ። ልጆች ራሳቸው ከመደርደሪያ ያነሳሉ (የኛን ቁም ሳጥን!)፣ ስዕል ይስላሉ፣ የውጭ ቋንቋ ይማራሉ፣ ያነበቡትን መጽሐፍ ተሰብስበው ይተቻሉ፣ ይሄ ደባሪ ነው ማለትም ይቻላል። ልጅ አስተያየት አለው ብሎ ማሰብ ያኔ ቀላል ነገር አይመስለኝም፣ አሁንም እኛ ጋር ቀላል አይደለም፣ «ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም በል» ተብለን አይደል ያደግነው። ኤሪክ ኬስትነር የሚባለው ታዋቂ የልጆች ጸሐፊ አብሯት ነበር። እሱ ደግሞ ያልተሰደደ ነው፣ በ1933 ናዚዎች መጽሐፎቹን በርሊን ላይ ሲያቃጥሉ ቆሞ አይቷል፣ ግን እዛው ቀረ። የቀረውና የተሰደደችው ከጦርነት በኋላ ተገናኝተው፣ በሷ ሀሳብ፣ እንስሳት ስለ ልጆች ሲሉ ስብሰባ ጠርተው የሰውን መሪዎች ሰላም እንዲፈርሙ የሚያስገድዱበት ታሪክ በ1949 አወጡ። አንተ ቀረህ እኔ ወጣሁ የሚለው ንትርክ (ኮሜንት ላይ በየቀኑ የምናየው) እነሱ ጋር አልነበረም አልልም፣ ግን መጽሐፉ ወጣ።

በ1953 ደግሞ ዙሪክ ላይ ዓለም አቀፍ የልጆች መጽሐፍ ቦርድ የሚባለውን አስመሰረተች፣ ሚያዝያ 2 የሚከበረው የዓለም የልጆች መጽሐፍ ቀንም ከዛ ነው የመጣው። የሞተችው በ1970 ነው። በ1989 የወጣው የተመድ የልጆች መብት ስምምነት፣ ኢትዮጵያም የተቀበለችው፣ አንቀጽ 17 ላይ መንግስታት የልጆች መጽሐፍ መታተሙንና መሰራጨቱን እንዲያበረታቱ ይላል። እሷ አላየችውም። ቁም ሳጥኑን የሚቆልፈው ሰውዬም ያየው አይመስለኝም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከርዕሱ አልወጣሁም። የኛም ሰው አለ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ስደተኛ ሆኖ አሜሪካ ገብቶ ሳን ፍራንሲስኮ ላይብረሪ የልጆች ክፍል ይሰራ የነበረ ነው፣ ተመልሶ ሄዶ በ2003 አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ላይብረሪ ከፈተ፣ ሐዋሳ ላይ ደግሞ በአህያ ጋሪ መጽሐፍ ጭኖ አዞረ። ሲኤንኤን በ2008 ጀግና ብሎ ሲያወጣው ነው ብዙዎቻችን የሰማነው። አባባ ተስፋዬን በቲቪ እያየ ያደገ ሁሉ ያንን አህያ ቢያይ ምን ይል እንደነበር አስባለሁ።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ኤስ 2 ይዛችሁ ኦበርሜንዚንግ ትወርዳላችሁ፣ ከዛ በእግር ነው፣ በልጅ እርምጃ ግማሽ ሰዓት በሉት፣ ካልሆነ ከፓዚንግ ባስ አለ። ሰዓቱ እንደየክፍሉ ስለሚለያይ ሳታዩ አትሂዱ፣ የልጆች ማዋሻው፣ ሙዚየሞቹና የጥናት ክፍሉ አንድ ላይ አይደሉም። የሚካኤል ኤንደ ሙዚየም አለ፣ የጄምስ ክሩስ የሚባል ማማ አለ (ሁለቱም የልጆች መጽሐፍ ጸሐፊዎች ናቸው)፣ ልጄ ማማው ላይ ካልኖርኩ ብላ አስቸግራኝ ነበር። መሬት ስር ያለው ስብስብ ለጥናት ነው፣ ይዛችሁ አትወጡም፣ አስወጥታችሁ እዛው ነው የምታነቡት። ጸሎት ቤቱን እንዳትዘሉት፣ የ1491 የያን ፖላክ ስዕሎች አሉበት፣ ልጆቹ ተሰላችተው እኔ ብቻዬን ገብቼ አምስት ደቂቃ ቆሜያለሁ፣ ጸጥ ያለ ነው።

አንድ የገረመኝ ደግሞ፣ ስብስቡ የሚያድገው በዋናነት አሳታሚዎች ከየሀገሩ በነጻ በሚልኩት መጽሐፍ ነው፣ ከ1946 ደብዳቤ ጀምሮ አሰራሩ እሱ ነው። በየዓመቱም ከዓለም 200 ገደማ መጽሐፍ መርጠው ነጭ ቁራዎች በሚል ስም ካታሎግ ያወጣሉ። ስለዚህ ሀገር ቤትም ዲሲም የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛ የልጆች መጽሐፍ የምታሳትሙ ካላችሁ አንድ አንድ ኮፒ ወደዚህ ብትልኩ ምን ይላችኋል፣ የፖስታ ብር ነው። ባይሆን ተገልብጦ እንዳይጠረዝ አደራ።

የዝይዋን መጽሐፍ ተዋስነው መጥተናል፣ አሁን በየማታው ዝይዋ ሌላ ነገር ትነዳለች፣ ትናንት ሄሊኮፕተር ነበር። ሌላ ይዘነው የመጣነው ነገር የዛ ልጅ ሰማያዊ ጃኬት ነው። ስንመለስ ሞቀኝ ብሎ አውልቆ ለኔ አሸክሞኝ እኔ ደግሞ በእንቅልፍ ልቤ ይዤው ቤት ገባሁ፣ ኪሱ ውስጥ ግማሽ ብስኩትና የባቡር ቲኬት አለ። ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ባለቤቴ ልጅቷ ትምህርት ቤት ትውሰድለት ስላት «አይሆንም፣ አንተ ነህ ያመጣኸው፣ አንተ አድርስ» ትላለች፣ ቤታቸውን ደግሞ አውቀዋለሁ፣ ሁለት ፌርማታ ነው።